የአሮጌ ተሳቢ ወለል ሲቀየር፦ ምን መምረጥ፣ እንዴት መግጠም

አምና የተቀየረ የተሳቢ ወለል ዘንድሮ እንደገና ሲነቀል ማየት ያሳዝናል። ጣውላው ተሰንጥቆ፣ ላሜራው እንደ ሳፋ ጎድጉዶ፣ ቡሎኑ ተበልቶ ይገኛል። ባለንብረቱ አንድ ወለል ለማልበስ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ መኪናው ቆሞ የሰነበተበት ቀን አለ።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አያልፍም። እንጨቱ ሳይደርቅ ይገጠማል። የወለሉ ውፍረት ከሥሩ ካሉት አግዳሚ ብረቶች ርቀት ጋር ሳይገናዘብ ይገዛል። ወይም አዲሱ ወለል በዛገ ብረት ላይ ይለበሳል። ይህ መመሪያ እነዚህን ሦስቱን ለመከላከል የተጻፈ ነው። ቁጥሮቹ 12 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ስፋት፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር ወለል ላለው ዝርግ ተሳቢ የተሰሉ ናቸው፤ የእርስዎ ካነሰ በዚያው ልክ ይቀንሱ።

ደረጃ 1፦ የሚጭኑትን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ባለፈው አንድ ዓመት የጫኑትን በሙሉ ይጻፉ። ጎረቤት ተሳቢ ላይ ያዩት ወለል ለጎረቤት ጭነት የተመረጠ ነው።

• ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሲሚንቶ በጆንያ፦ ክብደቱ እኩል ስለሚሰራጭ ወለሉን ብዙም አይጎዳም። ዋናው ችግር ጆንያ የሚቀድ የቡሎን ጭንቅላትና ውኃ የሚያስገባ ክፍተት ነው።
• ቡና፦ ሽታ ይስባል። የተቃጠለ ዘይት የጠጣ ወለል ላይ የተጫነ ቡና ዋጋው ይወድቃል።
• የአፍዴራ ጨው፣ ማዳበሪያ፣ ከብት፦ ጨውም ሆነ የከብት ሽንት ብረትን በፍጥነት ይበላል። ማዳበሪያ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያንኑ ያደርጋል።
• ፌሮ፣ ድንጋይ፣ የማሽን ዕቃ፦ በአንድ ነጥብ ላይ ይመታል፣ ይቧጥጣል።
• በሰንሰለት የሚሄድ ኤክስካቫተር ወይም ዶዘር፦ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ዓይነት ማሽን የሚጭን ሰው በለስላሳ ላሜራ ላይ አይመካ።

ጭነቱ መጋዘን ውስጥ በፎርክሊፍት የሚጫን ከሆነ ለብቻው ይመዝግቡት። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ዕቃ ይዞ ተሳቢው ላይ ሲወጣ ከአምስት ቶን በላይ የሚሆነው ክብደት በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። 25 ቶን ስንዴ በጸጥታ የተሸከመ ወለል በዚህ ጎማ ሥር ሊሰበር ይችላል።

ደረጃ 2፦ አሮጌውን ወለል ሙሉ በሙሉ ያንሱ

ግማሹን ማንሳት፣ ወይም «ከላይ ስስ ላሜራ እናልብሰው» የሚለው ምክር፣ ከምንም በላይ የምቃወመው ነገር ነው። በአሮጌ ጣውላ ላይ የተበየደ ስስ ላሜራ ውኃውን ከሥሩ ይዞ ያስቀራል። እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል፤ አግዳሚውም ሳይታይ ይዝጋል። አንድ ቀን ላሜራው ከነጭነቱ ይወርዳል።

1. ተሳቢውን በደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ።
2. ከሥር ገብተው የአየር ቱቦዎችንና የመብራት ሽቦዎችን መስመር ይከተሉ፤ የሚያልፉበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ።
3. ዝገት የያዘውን ዳዶ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ቀን ቀድመው ዘይት ያጠጡት።
4. መቁረጥ ግድ ከሆነ በጋዝ ሳይሆን በዲስክ ይቁረጡ። ቅባት የጠጣ አሮጌ ጣውላ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ውኃና አሸዋ አጠገብዎ ይኑር፤ ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቁ።
5. ያነሱትን ጣውላ ወዲያው አይጣሉ። የት እንደበሰበሰና የት እንደተሰበረ ይመልከቱ። ጫፎቹ ብቻ በስብሰው ከሆነ ችግሩ ውኃ ነው። መሐሉ ከተሰበረ ችግሩ ውፍረት ወይም የአግዳሚ ርቀት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ተሳቢው ከጎታቹ ጋር እንደተያያዘ ብየዳ እንዳይጀመር። ካልተላቀቀ ቢያንስ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ።

ደረጃ 3፦ ሻንሲውንና አግዳሚዎቹን ይመርምሩ

በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አግዳሚ በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማና ዝገቱን እንደ ቅርፊት ያራግፋል። መዶሻው ከሰረጎደው ወይም ካቻቢቴ ከበሳው አግዳሚው ይቀየር።

በተለይ አግዳሚው ከዋናው ሻንሲ ጋር የተበየደበትን ማዕዘን አተኩረው ይዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ቡናማ የዝገት መስመር ካዩ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ በአግዳሚው ላይ ከሆነ ይጠገናል። በዋናው ሻንሲ ላይ ከሆነ ግን የወለሉን ሥራ ያቁሙና በሻንሲ ጥገና የታወቀ ባለሙያ ያሳዩ። የተሰነጠቀ ሻንሲ በአዲስ ወለል መሸፈን ሰው መግደል ሊሆን ይችላል።

አሁን ይለኩ፦

• ከአንዱ አግዳሚ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለውን ርቀት፣ ሁሉንም። አሮጌ ተሳቢ ላይ ርቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሚጠቅምዎት አማካዩ ሳይሆን ትልቁ ነው።
• በስፋቱ ሲባጎ ወጥረው የሁሉንም አግዳሚ ከፍታ። ከ3 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት በመበየድ ያስተካክሉ።
• ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ሁለት ሰያፍ ርቀቶች። ካልተስማሙ ጣውላው ወይም ላሜራው ከዳር ተሸርፎ እንዲገባ ያቅዱ።

ሲባጎውን በርዝመቱ ሲወጥሩ ባዶ ተሳቢ መሐሉ ትንሽ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ። ብዙ ተሳቢዎች ሲጫኑ ቀጥ እንዲሉ ታስቦ እንዲህ ይሠራሉ። ያንን ጉብታ ለማቃናት ብረት መቁረጥ ትልቅ ጥፋት ነው።

ሁሉም ሲጸዳ ሁለት እጅ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡ። ወለሉ የሚያርፍበት የአግዳሚው ፊት ከዚያ በኋላ ብሩሽ አያየውምና ለሱ አይሰስቱ። ወለሉ ላሜራ ከሆነ ብየዳው የሚያርፍበትን መስመር ሳይቀቡ ይተዉት፤ በቀለም ላይ የተበየደ ብረት አይጸናም።

ደረጃ 4፦ ክብደቱን ያስሉ

ወለሉ የሚጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ ከሚከፈልበት ጭነት ላይ ይቀነሳል። ሞጆና አዋሽ ላይ ሚዛን የሚወጣ ተሳቢ ይህን ችላ ሊለው አይችልም። ለ30 ካሬ ሜትር የሚሆነው ግምት ይኸው፦

• ላሜራ 3 ሚሊሜትር፦ 706 ኪሎ
• ላሜራ 4 ሚሊሜትር፦ 942 ኪሎ
• ላሜራ 6 ሚሊሜትር፦ 1,413 ኪሎ
• የደረቀ ባህር ዛፍ 40 ሚሊሜትር፦ ወደ 840 ኪሎ ገደማ
• የፈረንጅ ጽድ 40 ሚሊሜትር፦ ከ540 እስከ 600 ኪሎ
• ለመኪና ወለል የተሠራ 28 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ፦ 570 ኪሎ ገደማ
• አሉሚኒየም 4 ሚሊሜትር፦ 324 ኪሎ

ላሜራ በሚሊሜትርና በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ይህቺን አንድ ቁጥር ከያዙ ለማንኛውም ስፋት ራስዎ ያሰላሉ። ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ጉብጉብ ያለበት ላሜራ ግን ትንሽ ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ ውፍረትን ከርቀት ጋር አገናኝተው ይምረጡ

ሁለት እውነታዎችን ይያዙ። በአግዳሚዎች መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ያው ወለል በዚያው ክብደት ሥር ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። በሌላ በኩል የጣውላ ውፍረት ከ40 ወደ 50 ሚሊሜትር ሲያድግ ጥንካሬው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ለመጉበጥ ያለው እምቢታ ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ 60 ሳንቲሜትር ርቀት ያለው ተሳቢ ላይ ወፍራም ወለል ከመግዛት መሐል መሐሉን አንድ አንድ አግዳሚ መጨመር ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ይቀልላልም።

እኔ የምከተለው ልኬት ይህ ነው፤ የሚጭኑት ከበድ ካለ ከፍ ያድርጉት። ርቀቱ እስከ 40 ሳንቲሜትር ከሆነ ለጆንያና ለተራ ጭነት 40 ሚሊሜትር ጣውላ ወይም 4 ሚሊሜትር ላሜራ። ርቀቱ 40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ወይም ፎርክሊፍት የሚገባበት ከሆነ፣ 50 ሚሊሜትር ጣውላ ወይም 5 እስከ 6 ሚሊሜትር ላሜራ። ከዚያ በላይ ከሆነ አግዳሚ ይጨምሩ። 3 ሚሊሜትር ላሜራን ለከባድ ተሳቢ አልመክርም፤ በስድስት ወር በአግዳሚዎቹ መካከል ይጎደጉዳል፤ በጉድጓዱም ውኃ ይተኛል።

ምርጫውን በጭነቱ ያሳርጉት፦ ጨው፣ ከብትና ማዳበሪያ የሚበዛበት እንጨት ይግጠም። ማሽንና ሰንሰለት የሚወጣበትም እንጨት ይግጠም፤ እንጨት ይይዛል። ድንጋይ፣ ፌሮና ቁርጥራጭ ብረት የሚጭን ላሜራ ይምረጥ። ሁለቱንም የሚጭን በጣውላው ላይ ጎማ የሚሄድበትን መስመር በጠፍጣፋ ብረት ያጠናክር። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከብረት ጋር በእርጥበት ሲነካካ ይበላል። በመካከሉ ጎማ ማንጠፍ የማይችል ሰው ይተወው።

ኮምፔርሳቶ የሚመርጡ ከሆነ ለአርማታ ማቀፊያ የሚሸጠውን ባለ ቡናማ ፊት 18 ሚሊሜትር አይግዙ፤ መልኩ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። ከመግዛትዎ በፊት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይለምኑና ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ውስጥ ይቀቅሏት። ስትደርቅ ንጣፎቿ ከተላቀቁ ሙጫው የቤት ውስጥ ነው፤ ይመልሱት። ቺፕውድ ደግሞ ለተሳቢ ከቶ አይታሰብ።

ደረጃ 6፦ ጣውላ ሲገዙ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። በክረምት ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ነጭ ባህር ዛፍ ገዛሁ። ሻጩ «ደርቋል» አለኝ፤ ፊቱን ነካሁት፤ ደረቅ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንዱን ከአንዱ አጠጋግተን ገጠምነው፤ ወረቀት አያስገባም ነበር። በሁለተኛው የጅቡቲ ምልልስ፣ ከአፋር ሙቀት መልስ፣ በጣውላዎቹ መካከል ትንሿ ጣቴ እስከ አንጓዋ ገባች። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ነበር። የሰባት ጣውላ ጫፍ ከቡሎኑ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተሰንጥቆ ነበር። ፊቱ ደርቆ ልቡ እርጥብ የሆነ እንጨት እንዲህ ያደርጋል።

ስለዚህ በእጅ መዳሰስን አይመኑ፤ ይመዝኑ፦

1. ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ገባ ብለው 2.5 ሳንቲሜትር የምትሆን ቁራጭ በአግድሙ ይቁረጡ።
2. ወዲያው፣ ግራም በሚለይ የኩሽና ሚዛን ይመዝኑና ይጻፉ።
3. በ100 ዲግሪ ገደማ ኦቨን ውስጥ ያድርቁ፤ ክብደቷ መቀነስ እስኪያቆም በየሁለት ሰዓቱ ይመዝኑ።
4. የቀነሰውን ለደረቀው ክብደት ያካፍሉ፤ በ100 ያባዙ። ምሳሌ፦ 120 ግራም የነበረችው 105 ከሆነች፣ 15 ሲካፈል ለ105 ማለት 14 በመቶ ነው።

ከ12 እስከ 16 በመቶ ጥሩ ነው። ከ20 በላይ ከሆነ አይግጠሙ።

እርጥብ ከገዙ ራስዎ ያድርቁት። ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው፣ በየ60 ሳንቲሜትሩ እኩል ውፍረት ያላቸው መለያ እንጨቶች አንዱን በአንዱ ትክክል ላይ እያደረጉ ይደርድሩ። ከላይ ጥላ፣ በክምሩ ላይ ከባድ ድንጋይ፣ በጎን የሚነፍስ አየር ይኑር። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ባህር ዛፍ በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛልም። የሁለቱንም ጫፎች በወፍራም ቀለም ይዝጉ። ለ40 ሚሊሜትር ጣውላ ወራት እንጂ ሳምንታት አይበቁም፤ ትዕግሥቱ ያለው ሰው በበጋ ለክረምት ይግዛ።

ሲመርጡ፦ የግንዱ ልብ በመሐሉ የሚያልፍበትን ጣውላ ይመልሱ፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ቀይ ባህር ዛፍ ከነጩ ይልቅ መበስበስን ይቋቋማል፤ ካገኙ እሱን ይውሰዱ። የፈረንጅ ጽድ ቀጥ ያለና ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ለጆንያ እንጂ ለፌሮ አይሆንም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጽድ የተጠበቁ አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ ሕጋዊ ሰነድ የሌለውን አይንኩ።

የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም እህልና ቡና ለሚጭን ተሳቢ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሽታው ዓመታት ይቆያል፤ ወለሉንም ያንሸራትታል። በምትኩ የፈላ የተልባ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡ፤ ከጫፎቹና ከቀዳዳዎቹ ይጀምሩ። ማስጠንቀቂያ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲቀመጥ ራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ደረጃ 7፦ ጣውላውን መግጠም

1. ሁሉንም ጣውላ ሳያስሩ ይደርድሩ። መገጣጠሚያ ጫፍ ሁሉ አግዳሚ ላይ ይረፍ፤ ጎን ለጎን ያሉ ጣውላዎች በአንድ አግዳሚ ላይ አይገናኙ።
2. ከመሐል መስመር ይጀምሩና ወደ ሁለቱ ዳር ይሂዱ። ከአንድ ዳር ከጀመሩ ጥመቱ ተደማምሮ በሌላኛው ዳር ይወጣል።
3. በደንብ የደረቀ ጣውላ ከሆነ የልጡን ወገን ወደ ላይ ያድርጉ፤ እርጥበት ሲያገኘው መሐሉ ከፍ ብሎ ውኃውን ያፈስሳል።
4. በጣውላዎቹ መካከል 3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይተዉ። እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ላሜራ እንደ መለኪያ ይጠቀሙ።
5. በምስማር አይምቱ። 10 ሚሊሜትር ቡሎን፣ ለእንጨቱ 11 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ በውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ ይጠቀሙ። ቀዳዳው ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 7 ሳንቲሜትር ይራቅ።
6. በጫፎች ሁለት ቡሎን፤ በመሐል ባሉት አግዳሚዎች አንድ አንድ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ።
7. የቡሎኑ ጭንቅላት ከጣውላው ፊት 3 ሚሊሜትር ዝቅ ይበል። በመዳፍዎ ሁሉንም ይዳስሱ፤ እጅዎን የነካው ጆንያውን ይቀዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዋናውን ሻንሲ የላይኛውንም ሆነ የታችኛውን ክንፍ (በአግድም የተዘረጋውን ጠፍጣፋ ፊት) አይብሱ፤ አይበይዱበትም። ቡሎኑ በአግዳሚው ክንፍ ብቻ ይለፍ። ጭነት የሚታሰርባቸው ቀለበቶችም ከወለሉ ሳይሆን ከብረቱ ጋር ይያያዙ።

ደረጃ 8፦ ላሜራውን መግጠም

1.25 በ2.5 ሜትር የሆነው ላሜራ በተሳቢው ስፋት ልክ ስለሚገባ በስፋቱ በኩል ቁራጭ አያስተርፍም። ግን በየ1.25 ሜትሩ መገጣጠሚያው አግዳሚ ላይ መውደቁን ቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልወደቀ አግዳሚ ይጨምሩ።

በአንድ መስመር ቀጥ ብለው አይበይዱ። 5 ሳንቲሜትር በይደው 20 ሳንቲሜትር ይዝለሉ፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ። አንዱ ወገን እስኪቀዘቅዝ በሌላው ይሥሩ። በመገጣጠሚያዎች 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ 12 ሜትር ብረት ከአዲስ አበባ ንጋት ቅዝቃዜ ወደ ቀትር የቆላ ፀሐይ ሲገባ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ዳር ዳሩን ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይብሱ። ከሥሩ ብየዳው ያቃጠለውን ቀለም በሙሉ እንደገና ይቀቡ።

በዚንክ የተለበጠ ብረት የሚበየድ ከሆነ ልባሱን አስቀድመው ይሞርዱ፤ ጭሱ ያሳምማል፤ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሥሩ።

ደረጃ 9፦ አንድ ነገር ሲበላሽ

• ጣውላው ከተገጠመ በኋላ ክፍተቱ ከ8 ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ፦ በመሐሉ ቀጭን ጣውላ አይወሽቁ፤ በዝናብ ጊዜ ሲያብጥ ሌሎቹን ይገፋል። ቡሎኖቹን ፈትተው ሁሉንም ወደ መሐል ያጠጉና በዳር አንድ ጣውላ ይጨምሩ።
• ጣውላው በክረምት አብጦ ከተነሳ፦ ክፍተት አልተተወም ማለት ነው። በየአምስተኛው መስመር በመጋዝ 4 ሚሊሜትር ይክፈቱ።
• ጫፉ ከተሰነጠቀ፦ ስንጥቁ ቡሎኑን ካላለፈ ከሥር ጠፍጣፋ ብረት አስይዘው ያቆዩት። ካለፈ ይቀየር።
• ላሜራው በብየዳ ሙቀት ከጎበጠ፦ በመዶሻ አይምቱት፤ ይባስ ይዘረጋል። የዚያን አካባቢ ብየዳ በዲስክ ይክፈቱ፤ ቀዝቅዞ ሲረጋጋ ከመሐል ጀምረው እንደገና ይያዙት።
• ሲሄድ የሚንኳኳ ከሆነ፦ ዝቅ ያለ አግዳሚ አምልጦዎታል። ከሥር ገብተው ክፍተቱን ይፈልጉና ጠፍጣፋ ብረት ያስገቡ፤ ቡሎኑን ብቻ ማጥበቅ ጣውላውን ይሰብራል።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ጉዞ

በመጀመሪያው ጉዞ ግማሽ ጭነት ይጫኑ። ከመነሳትዎ በፊት በእያንዳንዱ ዳዶና በአግዳሚው ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ያስምሩ። በጅቡቲ መስመር ከሆነ አዳማ ሲደርሱ ከሥር ገብተው ይመልከቱ፤ መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ዞሯል፤ ያጥብቁት። ሚሌ ላይ ይድገሙት፤ ሲመለሱም እንዲሁ። እንጨቱ ከሙቀቱ ጋር እስኪለማመድ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሁለት ሳምንቱ ሁሉንም በቁልፍ ይሞክሩ።